ውርጩ ያልገደለው ክሽክሽ

ከደሴ፣ ከሆጤ አካባቢ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። ጓሯቸው ውስጥ ያበሻ ጎመንና ጥቅል ጎመን አላቸው። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ ቅጠሉ ይጨማደድባቸዋል። ገልበጥ ሲያደርጉት አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ግራጫ ክሽክሽ፣ ያ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ፣ ተደርድሮበታል። በሳሙና ውሃ ይረጩታል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ቁጭ። «ጎረቤቶቼ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሁሉንም ይፈጀዋል ይሉኝ ነበር። ዘንድሮ ውርጩ ከባድ ነበር፤ ታዲያ ክሽክሹ ለምን በዛ? ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ደግሞ ጎመኗ ደህና ነው፤ ቲማቲሟ ግን ቅጠሉ በነጠብጣብ ተሞልቶ እየደረቀባት ነው። የአየሩ ነገር ይሆን?» ይላሉ።

አዎ እናቴ፣ የአየሩ ነገር ነው። ግን ብርዱን ይተዉትና ዝናብ የሌለባቸውን ቀናት ይቁጠሩ።

ውርጭ ቲማቲምና ድንች ያቃጥላል። ጎመን ላይ ያለ ክሽክሽን ግን አይጨርሰውም። ልብ ቅጠሉ ውስጥ ተሸጉጦ ያድራል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ሥራውን ይቀጥላል። ብርድ መራባቱን ያዘገየዋል፣ ያ ብቻ ነው። ብርዱ በጣም በሚጠናባቸው አገሮች ክሽክሽ እንቁላል ጥሎ ያልፋል፤ ቅዝቃዜውን የሚሻገረው እንቁላሉ ነው። እኛ ጋ ይህም አያስፈልገውም። ሴቷ ያለ ወንድ በቀጥታ ልጅ ትወልዳለች፣ ዓመቱን ሙሉ። አየሩ ሞቅ ሲል የተወለደችው በሳምንት ወይ በአሥር ቀን ውስጥ ራሷ መውለድ ትጀምራለች። ሳሙናውን ረጭተው በሳምንቱ ጎመኑ ተሞልቶ ቢያገኙት አይግረምዎ።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ክሽክሽን የሚበሉት ነፍሳት፣ በተለይ ቀይ ሆና ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ፣ ከክሽክሹ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋሉ። ክሽክሽ ገና በቀዝቃዛው አየር መራባት ይጀምራል። ጥንዚዛዋ ግን እስኪሞቅላት ትጠብቃለች። ስለዚህ ከጥር እስከ የካቲት ክሽክሹ ያለ ጠላት ይዝናናል። ጥንዚዛዋ ስትመጣ ቅጠሉ አልቋል ማለት ይቻላል። በዚያ ሰዓት ሰው ተናዶ ጠንካራ መድኃኒት ይረጫል። መጀመሪያ የምታልቀው ማን መሰለችዎ? ጥንዚዛዋ። ክሽክሹ ከተረፉት ጥቂቶች ተነስቶ እንደገና ይሞላል፣ የሚበላው ግን የለም። እኔ በበኩሌ ለጓሮ ጎመን ፀረ ተባይ መርጨት አይዋጥልኝም፤ በማግስቱ ቀንጥሰን ድስት ውስጥ የምንከተው ቅጠል ነው።

ወደ ዝናቡ እንምጣ። የበልግ ዝናብ ጠንከር ብሎ ሲወርድ ክሽክሹን ከቅጠሉ ያራግፈዋል። መሬት ላይ ከወደቀው ተመልሶ የሚወጣው ጥቂቱ ነው። እርጥበቱ ለቀናት ከቆየ ደግሞ በሻጋታ የሚመጣ በሽታ ይይዘውና ቡናማ ሆኖ ቅጠሉ ላይ እንደተጣበቀ ይሞታል። ችግሩ በልጋችን አይታመንም። አንዴ ይዘንብና ለሁለት ሦስት ሳምንት ይጠፋል። ዝናቡ ያለመለመው አዲስ ለስላሳ ቅጠል አለ፣ ፀሐዩ ሞቋል፣ የሚያራግፈው ዝናብ የለም። ክሽክሽ የሚፈነዳው በዚህች ክፍተት ነው። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ ሲወጣም እንዲሁ።

እንግዲህ ዝናብ ካቆመ አራት አምስት ቀን ሲሆነው ጎመኑን ገልብጠው ይዩ። የታችኛውን ትተው ልብ ቅጠሉን ይዩ። አንድ ሁለት ቅጠል ላይ ብቻ ካለ ቀንጥሰው ከጓሮው ያውጡት፤ እዚያው ሥሩ አይጣሉት። በዛ ካለ ውሃ በጎማ ገፋ አድርገው ከሥር ወደ ላይ ይምቱት፣ ጠዋት ጠዋት። ዝናቡ የሚሠራውን ሥራ እርስዎ ሠሩት ማለት ነው።

ሳሙናው ለምን እንዳልሠራልዎ ልንገርዎ። የጎመን ክሽክሽ ገላው በሰም የተሸፈነ ነው፣ ያ ግራጫው ነገር። ውሃ ይንከባለልበታል። ሳሙና ደግሞ የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ ምንም ጉልበት የለውም። ከላይ ከላይ ከተረጨ፣ የተጨማደደው ቅጠል ውስጥ ያለው አልተነካም። አንድ ሊትር ውሃ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ በአንድ ቅጠል ይሞክሩት፤ በማግስቱ ካላቃጠለ ይቀጥሉ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን ይቅር፣ ቅጠል ይጎዳል። ቅጠሉን እየዘረጉ በጣትዎ እያሹ ያርሱት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ወይም ወደ ማታ። በአራት አምስት ቀን ይድገሙት፤ ሳምንት ከጠበቁ አዲሶቹ ወልደዋል። ያበጠ፣ ደርቆ ወርቅማ ቡናማ የሆነ ክሽክሽ ካዩ አይጨፍልቁት። ውስጡ የምትረዳዎ ትንሽ ተርብ ልጅ አለች።

ዩሪያም ቀነስ ያድርጉ። ዩሪያ የጠገበ ጎመን ለስላሳ ነው፣ ለክሽክሽ ግብዣ ነው።

ዝናብ ሁሌ ለእኛ ያደላል ማለቴ ግን አይደለም። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው እርጥብ አሸዋማ መሬት ውስጥ ነው። ወሎን ያስጨነቀው የ2012ቱ መንጋ መነሻው እ.ኤ.አ. በ2018 የዓረብን በረሃ ያራሱ ሁለት አውሎ ነፋሶች ነበሩ። ጓሮ ውስጥም ሐምሌና ነሐሴ የቀንድ አውጣ ወር ነው። ያኔ ማታ በባትሪ መልቀም ነው።

አሁን የእህትዎ ቲማቲም። ኮምቦልቻ ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፤ ሐረጎን ወርደው ሲደርሱ ከሦስት እስከ አራት ዲግሪ ይሞቃል። የነገሩኝ ምልክት ቀይ ሸረሪት የሚባለው በጣም ትንሽ ተባይ ይመስለኛል። ደረቅ ሙቀትና አቧራ ይወዳል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ከእንቁላል እስከ አዋቂ በሳምንት ይደርሳል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ይዛ ቅጠሉን መታ መታ ታድርገው። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ካየች፣ ወይም ቅጠሉ ሥር ቀጭን ድር ካለ፣ እሱ ነው። የተጎዳውን ቅጠል ታውጣ፣ የቀረውን ከሥር በኩል በውሃ በየሁለት ቀኑ ታጥበው፣ ቲማቲሙንም ውሃ አታስጠማው። የመንገድ አቧራ የሚያርፍበት ከሆነ አጥሩ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ብትዘረጋም ይረዳል። የክሽክሽ መድኃኒት ግን አትርጭበት። ይህ ስምንት እግር ያለው ነው፤ ለነፍሳት የተሠራው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ጠላቶቹን ገድሎ እሱን ያበዛዋል። በነጥቦቹ ፋንታ ቅጠሉ ውስጥ የተቦረቦረ ነጭ መንገድ፣ ፍሬውም ላይ ቀዳዳ ካየች ነገሩ ሌላ ነው፤ የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪ ትል ነው። ያኔ ቅጠሉን በላስቲክ አስራ ለቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ ታሳየው።