እማዬን ጅቡቲ ልውሰዳት ወይስ ይቅርባት?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ሁሌ አነባችኋለሁ ግን ስጽፍላችሁ የመጀመሪያዬ ነው። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ጅቡቲ ተመድቦ ስለነበር እኔም ታላቅ ወንድሜም እዛው ነው የተወለድነው፣ በ1968 ጠቅልለን ድሬዳዋ ስንገባ እኔ 7 ዓመቴ ነበር። ትዝ የሚለኝ ትንሽ ነገር ነው፣ ሙቀቱ ሲብስ አልጋ ግቢ አውጥተን ስንተኛ፣ የመርከብ ጡሩምባ፣ ደግሞ ረጅም የሽቦ አጥር። እማዬ ግን አሁን 78 ዓመቷ ሆኖ ስለ ጅቡቲ ከጀመረች የሚያስቆማት የለም፣ "አንዴ አይቻት በሞትኩ" ትላለች። ልውሰዳት ስል ወንድሜ እምቢ አለ፣ "እሷ የምታውቀው ከተማ አሁን የለም፣ ሄዳ ከምታዝን በሐሳቧ እንዳለ ይቆይላት" ባይ ነው። እናንተ ምን ትላላችሁ? ቤታችንንስ ማግኘት ይቻል ይሆን? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ውሰጂያቸው። ወንድምሽ ከተማዋ ተለውጣለች ያለው እውነቱን ነው፣ ግን ያዝናሉ ብሎ በሳቸው ፋንታ መወሰኑ ነው ያልተዋጠልኝ፣ ሄደው ቢያዝኑስ ምን አለበት፣ 78 ዓመት የኖረ ሰው እኮ ማዘንን ያውቅበታል።

መለወጡን በተመለከተ ግን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። እናንተ ስትወጡ ጅቡቲ ገና የፈረንሳይ ግዛት ነበረች፣ የአፋርና የኢሳ ግዛት ይሏት በነበረ ጊዜ ማለት ነው፣ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ነው። ያ ትዝ የሚልሽ ሽቦም ህልም እንዳይመስልሽ፣ ፈረንሳዮቹ ከ1959 አካባቢ ጀምሮ ሰው ከውጭ እንደልቡ እንዳይገባ ከተማዋን በእሾሃማ ሽቦ አጥረዋት ነበር፣ ባራጅ ነበር የሚባለው። ከሽቦው ወዲያ የቀረው ሰው የሰፈረበት ባልባላ ዛሬ ራሱን የቻለ ከተማ አክሏል፣ ስለዚህ እናትሽ "እዚህ እኮ ከተማው ያልቃል" በሚሉበት ቦታ ገና መጀመሩ ነው። ወደቡም እንደዛው፣ ከ1990 ወዲህ የአሰቡ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር አሮጌው ወደብ አልበቃ አለና ዶራሌ በኩል በላይ በላዩ ተሠራ።

አሁን ደግሞ የሚያጽናናውን ልንገርሽ። መሀል ከተማው ላይ እነዚያ ነጫጭ ቅስት ያላቸው በረንዳዎች አሁንም አሉ፣ አንዳንዱ ቀለሙ ተልጧል አንዳንዱ ታድሷል፣ የሀሙዲ መስጊድም ቆሟል፣ እሱን ካዩ እናትሽ አቅጣጫ ይይዛሉ ብዬ እገምታለሁ ምክንያቱም የድሮ ሰው ሁሉ ሰፈሩን በሱ ነው የሚለየው። ፕላስ ሜኔሊክ ዛሬ የሰኔ 20 አደባባይ ነው በፈረንጁ ጁን 27 ማለት ነው፣ ፕላስ ራምቦ ደግሞ የማህሙድ ሀርቢ አደባባይ ሆኗል (ራምቦ ያው ሐረር የኖረው ፈረንሳዊ ገጣሚ ነው)፣ ግን ለታክሲው በድሮ ስማቸው ቢጠሩለት ያደርሳቸዋል። ይሄን የምልሽ ለምን መሰለሽ፣ ካርታና ጉግል ይዘሽ ከፊት ከፊት እንዳትቀድሚያቸው ነው። መንገድ መሪዋ እሳቸው ይሁኑ፣ ቢሳሳቱም ይሳሳቱ፣ አንቺ ውሃና ጃንጥላ ያዢ።

ቤቱን ስለማግኘት። የድሮ ደብዳቤ ላይ ያለው አድራሻ ብዙም አይጠቅምሽም፣ እዛ ፖስታ የሚላከው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ስለሆነ ቤቱ የት እንደነበር አይነግርሽም። ይልቅ ፎቶ ካላችሁ እሱን አውጡ፣ ከሰዎቹ ጀርባ ያለውን ተመልከቱ፣ ግድግዳው ድንጋይ ነው ጣውላና ቆርቆሮ፣ መስኮቱ ምን ዓይነት ነው፣ ከኋላ ሚናሬት ወይ ሐዲድ ይታያል ወይ። ድንጋይ ከሆነ ፕላቶ የሚባለው ሰፈር ወይ መሀል ከተማ ሊሆን ይችላል፣ ጣውላና ቆርቆሮ ከሆነ ግን በቁጥር ከሚጠሩት ካርቲዬዎች (ሰፈሮች ማለት ነው) አንዱ ነው የሚሆነው፣ እዛ ደግሞ ቤት ፈርሶ ስለሚሠራ ራሱን ቤቱን አገኛለሁ ብለሽ አትሂጂ። የባቡር ሠራተኛ ቤት ከነበረ ከድሮው ጣቢያ ጀምራችሁ በእግር ዞር ዞር በሉ። ሰፈሩ ላይ ስትደርሱ ስልክሽን አውጥተሽ ቪዲዮ እየቀረጽሽ የሰው በር ላይ አትቁሚ፣ መጀመሪያ ሰላምታ፣ ከዛ እናትሽ ራሳቸው ያውሩ፣ የከተማው ሽማግሌዎች ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አይጠፋም፣ ሶማሊኛ ከቻሉማ ተገላገልሽ። ወደብ፣ ኤርፖርትና የጦር ሰፈር አካባቢ ደግሞ ጭራሽ ካሜራ እንዳታነሺ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የቻይና ጦር ሁሉ እዛች ትንሽ አገር ውስጥ ነው ያለው።

መቼ ለሚለው፣ ከኅዳር እስከ የካቲት። በጥር ቀኑ ከ30 ዲግሪ በታች ነው የሚውለው፣ ሐምሌና ነሐሴ ከ40 በላይ ይወጣል፣ በዛ ላይ አቧራ የተሸከመው ነፋስ አለ፣ በዚህ ዕድሜ አይሞከርም። በደህናው ወቅትም ቢሆን ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ምንም ፕሮግራም አትያዢ፣ ሱቁ ይዘጋል፣ ከኛ አገር የሚገባው ጫት የሚደርሰውም ቀትር ላይ ስለሆነ ሰው ሐሳቡ ሌላ ነው። ከተማዋ ሰው የምትሆነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ያኔ ይዘሻቸው ውጪና የየመን ዓሣ አብሊያቸው፣ ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ ይዘረጋና በርበሬ ተቀብቶ ጉድጓድ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ ዳሩ አርሮ ውስጡ ነጭ እንደሆነ ከሰፊ ትኩስ ቂጣ ጋር ይመጣል፣ በእጅ ነው የሚበላው። መቼም ይሄን እናትሽ ካልነገሩሽ ይገርመኛል።

በባቡር እንሂድ ካላችሁ ደስ ይላል ግን አንድ ነገር እወቂ፣ በ2009 ተመርቆ በ2010 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር በድሮው ሐዲድ አይሄድም፣ ድሬዳዋም ላይ የሚነሳው ከመሀል ከተማው ጣቢያ አይደለም፣ ጅቡቲም ሲደርስ የሚያወርደው ናጋድ ነው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤርፖርቱ አካባቢ። በ1909 አዲስ አበባ የገባው የፈረንሳዮቹ ባቡር ይቆምበት የነበረው ጣቢያ ሌላ ነው። እናትሽ አባትሽ ይሠሩበት የነበረው በር ላይ እወርዳለሁ ብለው ልባቸውን አዘጋጅተው ናጋድ ሜዳ ላይ ቢወርዱ ያኔ ነው የወንድምሽ ፍርሃት የሚደርሰው፣ ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ንገሪያቸው፣ አሮጌውን ጣቢያ በማግስቱ ጠዋት በታክሲ ውሰጂያቸው። የመንገደኛ ባቡሩ ቀን ስለሚቀያየር ቲኬት ቢሮ ቀድመሽ ጠይቂ፣ የቪዛውንም ኤምባሲያቸውን ጠይቂ እንጂ በሰው ወሬ አትነሺ። ወንድምሽንም ይዛችሁት ሂዱ፣ ኩርፊያውን እዛው ይጨርስ።

ጥያቄ፦ የላይኛዋን እህት ጥያቄ አይቼ አይደለም ግን እኔም ጅቡቲ ልሄድ ነው፣ አጎቴ ድሮ ይኖር ስለነበር ስሰማው ነው ያደግኩት። ልጆቼ ባህር አይተው አያውቁም፣ ከተማው ውስጥ ይዋኛል? ገንዘቡስ እንዴት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድሜ ገንዘቡን በአጭሩ፣ የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን ሆኖ ዓመታት ቆይቷል፣ ስለዚህ ምንዛሬው አያስደነግጥህም፣ የሚያስደነግጥህ ዋጋው ነው፣ ሁሉም ነገር ከውጭ ስለሚገባ ሆቴሉም ምግቡም ውድ ነው፣ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ ቀን ማብዛት አይመከርም።

መዋኘቱን ከተማው ዳር አትሞክሩት፣ ውሃው ሲሸሽ ጭቃ ነው የሚተርፈው። ወደ ኮር አምባዶ በመኪና ወይ ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ ውሰዳቸው። ከኅዳር እስከ ጥር ከሄዳችሁ ደግሞ አርታ ባህር ዳርቻ በኩል ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይታያል፣ ስሙ ሻርክ ነው እንጂ ሰው አይነካም፣ የሚበላው ደቃቅ የባህር ነፍሳትንና ትንንሽ ዓሣዎችን ነው፣ ትንንሾቹ ልጆች ከጀልባው ሆነው ይዩ። አሰል ሐይቅን ካላያችሁ ግን እንዳትመለሱ፣ ከባህር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ይላል፣ ከአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፣ ዳሩ ሁሉ ጨው ሆኖ ነጭ ነው። ጨዉ ስለታም ስለሆነ ልጆቹን በባዶ እግር አታስገባቸው፣ መታጠቢያ ውሃም በጄሪካን ጭናችሁ ሂዱ፣ እዛ አታገኙም።