የገመድ ርዝመትና ኤስ ደብሊው አር፦ ለጎንደር አማተሮች ጥያቄዎች መልስ

ጎንደር ላይ አንቴና የምትሰቅሉ የሬዲዮ አማተሮች የላካችሁት ጥያቄ በአብዛኛው በኤስ ደብሊው አር ንባብ ዙሪያ ነው፤ ይህም ከምንልከው ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው እንደሚመለስ የሚጠቁም ቁጥር ነው። ለጀማሪዎች ያህል፦ ቁጥሩ 1 ከሆነ ከአንቴናው የሚመለስ ኃይል የለም። 3 ከሆነ ሩቡ ይመለሳል። ዳይፖል ማለት ባለ ሁለት ክንድ የሽቦ አንቴና ነው፤ ኮአክስ ደግሞ ሬዲዮውን ከአንቴናው ጋር የሚያገናኘው፣ መሀሉ ሽቦ፣ ዙሪያው መረብ የሆነ ገመድ ነው። ወደ መልሱ ልግባ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ የ7.1 ሜጋኸርዝ ዳይፖሌ 2.5 ያሳያል። ከኮአክሱ 2 ሜትር ስቆርጥለት 1.8 ሆነ። መቁረጤን ልቀጥል?

ኧረ ተው፣ ገመድህን አትጨርስ! ገመዱም የኤስ ደብሊው አር መለኪያው (ሜትሩ)ም የ50 ኦም ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካ ተቃውሞ) ካላቸው፣ የገመዱ ርዝመት ንባቡን እንዲህ ሊያዘልለው አይገባም። ከዘለለ፣ ብዙውን ጊዜ ኃይሉ በኮአክሱ መረብ ውጪ በኩል ወደ ቤት እየተመለሰ ነው። ያኔ ገመዱ ራሱ የአንቴናው አካል ይሆናል። ስትቆርጠው አንቴናህን ነው የቆረጥከው። በትንሽ ኃይል እየላክህ ገመዱን በላስቲኩ ላይ ጨበጥ አድርገው። ንባቡ ከተንቀሳቀሰ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ኮአክሱን ከዳይፖሉ መሀል ሥር በፌራይት (የማግኔት ባሕርይ ባለው ሴራሚክ) ቀለበት ውስጥ ደጋግሞ ማዞር ነው። ከዚያ በኋላ የምታሳጥረው ወይም የምታስረዝመው የዳይፖሉን ክንዶች ነው። ለ7.1 ጠቅላላ ርዝመቱ 20 ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ከአዘዞ፦ የዲሽ ገመድ ተርፎኛል። ለዳይፖል ይሆናል?

አዎ፣ ያለ ሐሳብ ተጠቀምበት። ግን የዲሽ ገመድ 75 ኦም መሆኑን አትርሳ። እዚህ ላይ ርዝመት በእርግጥ ንባብ ይለውጣል። አንቴናህ 50 ኦም ነው እንበል። የገመዱ ርዝመት የሞገዱን ርዝመት ግማሽ (ግማሽ ሞገድ) ከሆነ ሬዲዮው ጋ የሚደርሰው ያው 50 ኦም ነው፤ ሜትሩ 1 ያሳያል። ሩብ ሞገድ ከሆነ ግን 75 በ75 ተባዝቶ ለ50 ይካፈላል፤ 112.5 ኦም ይመጣል። ሜትሩም 2.25 ይላል። አንቴናው አልተነካም! በገመዱ ላይ ያለው ትክክለኛ ቁጥር በሁለቱም ጊዜ 1.5 ነው። የሚለዋወጠው በ50 ኦም የሚለካው ሜትር የሚያየው ነው።

ርዝመቱን ስታሰላ ሞገድ በገመድ ውስጥ ከአየር ላይ ቀስ ብሎ እንደሚሄድ አስብ። ለ7.1 ግማሽ ሞገድ በአየር 21 ሜትር ነው። ፎም ባለው የዲሽ ገመድ ወደ 17 ሜትር ተኩል፣ በአርጂ 58 (ቀጭን የ50 ኦም ኮአክስ) ደግሞ 14 ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ከአራዳ፦ ታዲያ ሁሌ ግማሽ ሞገድ መቁረጥ ግዴታ ነው?

አይደለም። በ50 ኦም ገመድ፣ ከሬዲዮ እስከ አንቴና የሚደርስህን ያህል ቁረጥ።

ከአዘዞ፦ ከክረምቱ በፊት 2 የነበረው አሁን 1.3 ሆኗል። ራሱ ተስተካከለ ማለት ነው?

እህቴ፣ እኔን የሚያሳስበኝ እንዲህ ያለው ነው። ዝናቡ በኮኔክተሩ በኩል ገመዱ ውስጥ ገብቶ ይሆናል። እርጥብ ገመድ የሚሄደውንም የሚመለሰውንም ኃይል ይበላል። የሚመለሰው ስላነሰ ሜትሩ ያማረ ቁጥር ያሳያል፤ ድምፅሽ ግን ሩቅ አይደርስም። እንዲህ ፈትሺው፦ ገመዱን ከአንቴናው ነቅለሽ ጫፉን ክፍት ተዪው፣ ከዚያ በአናላይዘር (በአንቴና መመርመሪያ መሣሪያ) ኤስ ደብሊው አሩን ለኪ። ጤነኛ አጭር ገመድ በጣም ከፍተኛ ቁጥር ይሰጣል። 3 ብቻ ካሳየ፣ ከምትልኪው ኃይል ግማሹ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ገመዱን ቀይሪው። አዲሱን ኮኔክተር ራሱን በሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ በደንብ ጠቅልዪው።

ከፒያሳ፦ ዳይፖሌ ከቆርቆሮው ጣሪያ በላይ አንድ ክንድ ያህል ነው። ችግር አለው?

አለው። ቆርቆሮው የአንቴናውን ኢምፒዳንስ በጣም ያወርደዋል። ረዘም ያለ የባሕር ዛፍ አጠና ፈልግና መሀሉን ከፍ አድርገው።

ከማራኪ፦ ቲዩነር ብገዛ ይህ ሁሉ ጣጣ አይቀርም?

ቲዩነር ሬዲዮህ 50 ኦም እንዲያይ ያደርጋል። ከቲዩነሩ እስከ አንቴናው ባለው ገመድ ላይ ያለው ኤስ ደብሊው አር ግን እንዳለ ነው። በ7 ሜጋኸርዝ፣ ገመዱ አጭር ከሆነ፣ ብዙም አይጎዳህም። በ145 ሜጋኸርዝ፣ በ30 ሜትር አርጂ 58 ግን አንቴናው ፍጹም ተስማሚ ሆኖ እንኳ ከግማሽ በላይ ኃይልህ ገመዱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ለዚያ ባንድ ገንዘብህን ከቲዩነር ይልቅ ወፈር ባለ ኮአክስ ላይ አውለው።