የመርከቧን ዕድሜ ሳትጠይቁ ውል አትፈርሙ

በመዝናኛ መርከብ ላይ ሥራ ተገኘልኝ ብሎ የሚያማክረኝ ወገን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ደመወዙ እንድጠይቀው ይጠብቃል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው መርከቧ መቼ እንደተሠራች፣ ስንተኛ ባለቤቷ እጅ እንዳለችና ለመጨረሻ ጊዜ ከውኃ ወጥታ የተጠገነችው መቼ እንደሆነ ነው። ከሦስቱ የመጀመሪያውን እንኳ በትክክል የሚመልስ ደላላ ብዙም አላጋጠመኝም። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ፣ በዓረብ አገሮችም ሆናችሁ ይህን ሥራ ለምታስቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ መርከብ ላይ ስሠራ ከኖርኩበት ዘመን የተረዳሁትን እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመዝናኛ መርከብ የምትሠራው ሠላሳ ዓመት ገደማ እንድታገለግል ታስቦ ነው። የመጀመሪያ ዓመታቷን የምታሳልፈው አዲስ መርከብ ለማሠራት አቅሙ ባለው ትልቅ ኩባንያ ሥር ነው። መንገደኛው አዲስ ነገር ሲያምረው ወደ አነስተኛ ኩባንያ ትሸጣለች፤ ከዚያም ወደ ሌላ። በእያንዳንዱ ሽያጭ ስሟ ይቀየራል፣ ብዙ ጊዜ ባንዲራዋም (የተመዘገበችበት አገር) ይቀየራል፣ የባለቤቷ ካዝና ግን እየሳሳ ይሄዳል። ወጪዋ በተቃራኒው ይጨምራል። በየአምስት ዓመቱ የሚደረገው ትልቁ ምርመራ ከዕድሜዋ ጋር እየጠበቀ ይመጣል፤ የብረቷ ውፍረት በየቦታው ይለካል፣ የሳሳው ተቆርጦ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። ብዙ ባለቤቶች መርከባቸውን ለመሸጥ የሚጣደፉት ይህ ምርመራ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ «አዲስ ባለቤት ገዝቷታል፣ ሊያድሳት ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ፣ ደስ ከመሰኘታችሁ በፊት ቀጣዩ ምርመራ መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

የአንዲትን መርከብ ሕይወት ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት የሚፈልግ «ስቶክሆልም»ን ይመልከት። በስዊድን ጎተንበርግ ተሠርታ በ1948 ሥራ የጀመረች፣ በስዊድንና በኒውዮርክ መካከል መንገደኛ የምታመላልስ መርከብ ነበረች። ጁላይ 25 ቀን 1956 ሌሊት፣ በአሜሪካ ናንተኬት ደሴት አቅራቢያ፣ ጭጋግ ውስጥ ከጣሊያኗ «አንድሪያ ዶሪያ» ጋር ተጋጨች። የጣሊያኗ መርከብ በማግስቱ ሰጠመች፤ በሁለቱም መርከቦች ላይ በጠቅላላው 51 ሰዎች ሞቱ። በበረዶ ባሕር እንድትሄድ ተብሎ የተጠናከረው የስቶክሆልም አፍንጫ ግን ተጨማደደ እንጂ መርከቧ አልሰጠመችም። በመቶዎች የሚቆጠሩ የአንድሪያ ዶሪያ ሰዎችን አሳፍራ በራሷ ሞተር ኒውዮርክ ገባች።

በ1960 ምሥራቅ ጀርመን ገዛቻትና «ፎልከርፍሮይንድሻፍት» ተብላ የሠራተኛ ማኅበር አባላትን ታዝናና ጀመር። በ1980ዎቹ ደግሞ «ፍሪድቾፍ ናንሰን» በሚል ስም ኦስሎ ወደብ ላይ ታስራ የጥገኝነት ጠያቂዎች ማደሪያ ሆነች። በስደት ካምፕ ያለፋችሁ ወገኖች ይህን የታሪኳን ክፍል ለብቻው ታስቡታላችሁ ብዬ አምናለሁ። ቀጥሎ ጣሊያን ሄዳ አካሏ ብቻ እስኪቀር ድረስ ፈረሰች፤ አዲስ ሞተርና አዲስ ክፍሎች ተገጠሙላትና በ1994 «ኢታሊያ ፕሪማ» ሆና ወጣች። ከዚያ «ቫልቱር ፕሪማ»፣ «ካሪቤ»፣ «አቴና»፣ «አዞሬስ»፣ በመጨረሻም «አስቶሪያ»። ይህን ሁሉ ስም የተሸከመው ያው የ1948ቱ ብረት ነው።

እኔ ለአሮጌ መርከብ ጥላቻ የለኝም፤ እንዲያውም እወዳቸዋለሁ። ለውቅያኖስ ማቋረጫ የተሠሩት የጥንቶቹ መርከቦች ወደ ውኃው ጠልቀው ስለሚቀመጡ ማዕበሉን ሰንጥቀው ይሄዳሉ። ኮሪደራቸው ጠባብ፣ ሠራተኛቸው የሚተዋወቅ፣ መንገደኛቸው በየዓመቱ የሚመለስ ነው። ዕድሜ ብቻውን ሰው አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው የዕድሜ ጥያቄና የባለቤት ድህነት አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ዕዳው መጀመሪያ የሚወርደው ከታች ባለው ሠራተኛ ላይ ነው።

አስቶሪያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በ2020 ወረርሽኙ ጉዞዎችን ሁሉ ሲያስቆም መርከቧ እንግሊዝ አገር ቲልበሪ ወደብ ላይ ቆመች። በጁን ወር የብሪታንያ የባሕር ባለሥልጣን እሷንና ያሠማራት የነበረውን ኩባንያ ሌሎች መርከቦች ከወደብ እንዳይወጡ አገደ። ምክንያቱ ደመወዝ ዘግይቶ መከፈሉ፣ የሠራተኞች ውል ጊዜው ማለፉና ከአሥራ ሁለት ወር በላይ መርከብ ላይ የቆዩ ሰዎች መገኘታቸው ነበር። ከአስቶሪያ ሠራተኞች መካከል ወደ አገራችን መልሱን ብለው የረሃብ አድማ የመቱ ነበሩ። በጁላይ ኩባንያው ከሰረ። መርከቧ ሮተርዳም ላይ ዓመታት ቆማ በ2025 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠችና ወደ ቤልጂየም ጌንት ተጎተተች። የዚያው ኩባንያ «ማርኮ ፖሎ»፣ በ1965 «አሌክሳንደር ፑሽኪን» ተብላ የተሠራችው፣ ቀድማት በ2021 ሕንድ አላንግ ዳርቻ ላይ ወጥታ ፈርሳለች።

በሞተር ክፍል ለምትቀጠሩ ደግሞ የ«ኖርዌይ»ን ነገር ሳልነግራችሁ አላልፍም። በቀድሞ ስሟ «ፍራንስ» ትባል የነበረች፣ በ1962 ሥራ የጀመረች ዝነኛ መርከብ ናት። ሜይ 25 ቀን 2003 ማያሚ ወደብ ላይ ቆማ ሳለ አንዱ ቦይለሯ (የእንፋሎት ማፍያ ጋኗ) ፈነዳና ስምንት ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱም ሠራተኞች ነበሩ። የአሜሪካ መርማሪዎች መንስኤው የቦይለሩ አያያዝ፣ ጥገናና ፍተሻ ጉድለት መሆኑን፣ ብረቱም በስንጥቅ ተዳክሞ መቆየቱን አረጋገጡ። እንዲህ ያለ አደጋ ላይ የሚቆመው ከላይ ባለው አዳራሽ ሙዚቃ የሚሰማው መንገደኛ አይደለም። በዚያ ዘመን በተሠራ መርከብ ውስጥ አስቤስቶስም፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳው የእሳትና የሙቀት መከላከያ፣ አለ፤ የቧንቧ ሽፋን ወይም የግድግዳ ሰሌዳ አፍርስ ስትባሉ ያለ መከላከያ ጭምብልና ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ እጃችሁን አትስደዱ።

እንግዲህ ከመፈረም በፊት የሚደረገው ይህ ነው። መርከብ ስሟን ብትቀይርም የማይለወጥ ሰባት አሃዝ ያለው የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥር አላት። ቀጣሪው ቁጥሩን እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ወሬው እዚያው ይብቃ። ቁጥሩን «ኢኳሲስ» በተባለው ነፃ የመረጃ ገጽ ስታስገቡ የተሠራችበትን ዓመት፣ ባለቤቷን፣ ባንዲራዋን፣ የቀድሞ ስሞቿንና በወደብ ተቆጣጣሪዎች የተያዘችበትን ጊዜ ታገኛላችሁ። ባንዲራ ከዓመት ወደ ዓመት የሚዘል ከሆነ፣ በየፍተሻውም የነፍስ አድን ጀልባና የእሳት መከላከያ ጉድለት ከተመዘገበ፣ ሌላ ሥራ ፈልጉ።

ወደቡ ላይ ስትደርሱም ዓይናችሁን ወደ መርከቧ የኋላ ጫፍ አንሡ። የመርከብ ስም ብዙ ጊዜ በብየዳ ፊደል ይጻፍና ቀለም ይቀባል፤ ስም ሲቀየር የድሮው ፊደል በመፍጫ ይላጋል። ፀሐይ ከጎን ስትመታው የተላጋው ፊደል ጠባሳ ከአዲሱ ቀለም ሥር ይነበባል፤ አንዳንዴም ከአንዱ ጠባሳ ላይ ሌላ ጠባሳ ተደርቦ ታያላችሁ። ከዚያ ወደ ሠራተኛው ኮሪደር ውረዱ። መንገደኛው የሚያየው ምንጣፍ የቱንም ያህል ቢያምር የመርከቧን እውነት የሚናገረው ታች ያለው ቧንቧ ነው። አንዲት መርከብ ላይ ስሠራ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ፊት ለፊት የሚያፈስ ቧንቧ ነበር፤ ሥሩ ባልዲ ተቀምጦ፣ ባልዲው ወለል ላይ የዝገት ክብ እስኪሠራ ድረስ ቆየ። ቧንቧውን የሚተካ ገንዘብ እንደሌለ ያየ ሰው፣ በሚቀጥለው ወር ደመወዙ ለምን እንደዘገየ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም።

በ2013 ሥራ ላይ የዋለውን የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በደንብ እወቁ፤ አብዛኞቹ ባንዲራዎች ፈርመውታል። ሥራ ላስገባህ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቀጣሪ ስምምነቱን ጥሷል፤ የቅጥር አገልግሎት ክፍያ የባለቤቱ ዕዳ እንጂ የሠራተኛው አይደለም። በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት ይገባችኋል። ባለቤቱ ሁለት ወርና ከዚያ በላይ ደመወዝ ካልከፈለ ሠራተኛው እንደተጣለ ይቆጠራል። ከ2017 ወዲህ በሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ መሠረት መርከቧ ለመመለሻ ጉዞና እስከ አራት ወር ላልተከፈለ ደመወዝ የሚውል ዋስትና ሊኖራት ይገባል። የዋስትናው ማስረጃ መርከቧ ላይ በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለበት። በገባችሁበት ቀን ፈልጉት፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሡት።

አራት ወር የሚለውን ልብ በሉ። አለቃው «ትንሽ ታገሡ፣ ወቅቱ ሲከፈት ሁሉም ይከፈላል» እያለ ስድስት ወር ያቆያችሁ እንደሆነ ዋስትናው የማይሸፍነው ሁለት ወር ዕዳ በእጃችሁ ይቀራል። እንደ እኔ እምነት ሁለተኛው ወር ሳይሞላ የዓለም አቀፉን የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ተቆጣጣሪ ማነጋገር ያስፈልጋል። ፌዴሬሽኑ በብዙ ወደቦች ተቆጣጣሪ አለው። ደመወዝ የተጠየቀበትን መልእክት፣ የሥራ ሰዓት መዝገቡንና የውሉን ቅጂ መርከቧ ላይ ሳይሆን የምታምኑት ሰው ዘንድ አስቀምጡ።

ሌላም አለ። የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ የሚደርሰውን ሳታጣሩ ረጅም ውል አትግቡ። የአውሮፓ ኅብረትን የረጅም ጊዜ ነዋሪነት የያዘ ሰው ከኅብረቱ ውጭ አሥራ ሁለት ተከታታይ ወር ከቆየ መብቱን ሊያጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት የሚጠባበቅ ሰውም ከስድስት ወር በላይ በአንድ ጊዜ ውጭ ከቆየ ተከታታይ ነዋሪነቱ ጥያቄ ላይ ይወድቃል። መርከብ ላይ መሥራት በራሱ ከዚህ ደንብ አያድንም። የስደተኛ የጉዞ ሰነድ የያዛችሁ ደግሞ መርከቧ የምትቆምባቸው አገሮች ሰነዳችሁን ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

በመጨረሻ መርከቧ ለመፍረስ መሸጧን ስትሰሙ፣ ወደ አላንግ ወይም ወደ ቱርክ አሊያጋ የሚያደርሷት ጥቂት ሠራተኞች ይመረጣሉ። ሥራው አጭር፣ ክፍያውም አጓጊ ሊሆን ይችላል። ግን አስቡ፤ በባሕር ሕግ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ በመርከቧ ላይ የተያዘ መብት ነው፤ ፍርድ ቤት አስሯት በሐራጅ ሊያሸጣት ይችላል፤ ከገንዘቡም የሠራተኛ ደመወዝ ከብዙ አበዳሪዎች ቀድሞ ይከፈላል። አፍንጫዋ ዳርቻው ላይ ወጥቶ መቆራረጥ ከጀመረች በኋላ ግን የሚታሰር መርከብ የለም። ስለዚህ ውዝፍ ደመወዛችሁ ባንክ ሳይገባና የመመለሻ ቲኬታችሁ በስማችሁ ሳይቆረጥ ከወደብ የምታስወጧት አትሁኑ፤ አለቃው ዳርቻው ላይ ስንደርስ ይከፈላችኋል ካለ በዚያው ዕለት ወደ ፌዴሬሽኑ ተቆጣጣሪ ደውሉ።