ሪሞት የሌለውን ቲቪ ዋይፋይ ላይ ለማስገባት፦ ሪሴት እንዳታደርገው!

"እህቴ ሪያድ ስትጠቀምበት የነበረውን ስማርት ቲቪ ላከችልኝ፣ ሪሞቱ ግን ጠፍቷል። ቤት ያስገባሁት ዋይፋይ ላይ እንዴት ላገናኘው?" ብለህ የጠየቅከው የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ አብሽር። እኔ ደሴ ነኝ። ጥያቄህን ሳነብ የአምናው ጉዴ ነው ትዝ ያለኝ።

1ኛ. ከቲቪው ሥር ወይም ከጀርባው ያለችውን ቁልፍ ተጭነህ ይዘህ ሪሴት እንዳታደርገው። ማንም ቢመክርህ። ቲቪው ሪያድ እያለ የገባበትን የዋይፋይ ስምና ፓስዎርድ እስካሁን ይዞታል። መውጫህ እሱ ነው። ሪሴት ካደረግከው ይረሳዋል።

በምን አወቅክ ካልከኝ፣ ከፍዬበት ነው። የኔም እህት ጅዳ ናት። ዕቃው በካርጎ መጣ። ካርቶኑን ስንፈታ ብርድ ልብስ አለ፣ የእናቴ ሽቶ አለ፣ ቲቪው አለ፤ ሪሞት የለም። ፒያሳ አካባቢ አንድ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ሄድኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል "ይሄ ለሁሉም ይሠራል" ብሎ 700 ብር ተቀበለኝ። ቤት ወስጄ ስሞክረው ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ አለቀ። ሴቲንግ ውስጥ አይገባም። ተመልሼ ስሄድ "ሪሴት አድርገው፣ ይስተካከላል" አለኝ። የዋህ ነኝ፣ አደረግኩት። ቲቪው "ሪሞትህን አገናኝ" የሚል ሥዕል አውጥቶ ድርቅ አለ። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጫን እያለ ያሳየኛል። በምኑ ልጫን! ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ደግሞ "እኔ መቼ አልኩህ?" በሪሞቱ ፋንታ ብሬን መልስ ስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን በአገጩ አሳየኝ። የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ሰው እንግዳ ጎትቶ ቡና ጀባ በሚልበት አገር!

2ኛ. የሪያዱን ዋይፋይ ስምና ፓስዎርድ ከእህትህ ተቀበል። ከዚያ የስልክህን ሆትስፖት በዚያው ስምና በዚያው ፓስዎርድ ክፈተው። ቲቪው ሪያድ ያለ ይመስለውና ራሱ ይገባል። በቃ፣ ዘዴው ይሄ ነው።

ይሄን በራሴ ቲቪ አልሠራሁትም፣ አስረስቼዋለሁ። የሠራሁት ለጎረቤታችን ለአንዲት እናት ነው። የሳቸው ልጅ ዱባይ ናት። በኢሞ ደወልንላት፣ የማዳም ልጅ ከሞደሙ ሥር የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ሰጣትና ላከችልን። ፎቶው ብዥ ያለ ነው። ፓስዎርዱ መሐል ያለችው ዜሮ ትሁን ኦ አትለይም። አቦሉ ላይ በዜሮ ሞከርን፣ እምቢ። ቶናው ላይ በኦ፣ እምቢ። በረካው ሊቀዳ ሲል ነው ጥፋቱ የስሙ መጀመሪያ ላይ እንደሆነ ያየሁት። እነሱ በትልቁ ኤ የጻፉትን እኔ በትንሹ ጽፌዋለሁ። ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ሰረዝ፣ ክፍት ቦታ፣ አንድም ሳይዛነፍ መግባት አለበት። አስተካክዬ እንደገና በዜሮ ሞከርኩት። ትንሽ ቆየና ስልኬ ላይ አንድ መሣሪያ ተገናኝቷል የሚል ጽሑፍ መጣ። እሳቸው እልል አሉ። ያን ቀን መሐንዲስ ሆኜ ነው የዋልኩት።

3ኛ. ሁለት ስልክ አዘጋጅ። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌላው እዚያ ሆትስፖት ላይ ገብቶ ሪሞት ይሆናል። አንድሮይድ ቲቪ ከሆነ የጉግል ቲቪን አፕ፣ ሮኩ የሚባለው ሌላው የስማርት ቲቪ ዓይነት ከሆነ የሮኩን አፕ አስቀድመህ አውርድ። አንድሮይዱ ስክሪኑ ላይ ኮድ ያወጣልሃል፣ እሱን ስልኩ ላይ ትጽፋለህ። ከዚያ ሴቲንግ ገብተህ የቤትህን ዋይፋይ ምረጥ። እዚህ ጋ አትደንግጥ። ቲቪው ወደ ቤትህ ዋይፋይ ሲሻገር ስልክህ ላይ ያለው ሪሞት ቀጥ ይላል። ስልኩንም ወደ ቤት ዋይፋይ አስገባው፣ ይመለሳል። እኔ የተበላሸ መስሎኝ ሁሉንም ከሀ ጀምሬዋለሁ።

ሆትስፖቱን በአይፎን ከሆነ የምትከፍተው፣ ስሙ የስልኩ ስም ነው፤ ሴቲንግ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተህ ቀይረው። ሆትስፖቱ ጋ "ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ" የሚለውንም አብራው። አንዳንድ ቲቪ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ካልሆነ ሆትስፖቱን አያየውም። አንድሮይድ ስልክ ላይም 2.4 የሚለውን ምረጥ። ሥራህን ስትጨርስ ደግሞ ሆትስፖቱን ቶሎ ዝጋው። ቲቪ ኢንተርኔት ሲያገኝ አፕዴት ማውረድ ይወዳል፣ የሳምንት ጥቅሌን በአንድ ከሰዓት ጨርሶብኛል።

እንደኔ ቸኩለህ ሪሴት አድርገኸው ከሆነስ? አንድሮይድ ከሆነ ተስፋ አለህ። እኔ ኮምፒውተር ጽሕፈት ከሚሠራ ጓደኛዬ የዩኤስቢ ማውስ ተዋስኩ። ከቲቪው ጎን ስሰካው ቀስቷ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። 700 ብሬን አስታውሼ ልስቅም ላለቅስም ነው። ቋንቋውንም፣ ዋይፋዩንም፣ ፓስዎርዱንም በማውስ ጠቅ ጠቅ እያደረግኩ ጨረስኩት። ሮኩ ላይ ግን በማውስ አትድከም። ማውሱን እስካሁን አልመለስኩትም፣ እናቴ ለምዳዋለች። ረከቦቱ ጠርዝ ላይ አድርጋ ነው ቻናል የምትቀይረው።

እምቢ ካለህ ከቲቪው ጀርባ ያለውን የሞዴል ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። ሪሞት ፍለጋ ብለህ ግን የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ እንዳትወጣ። ደሴ የምትመጣ ከሆነ ለቡና ና።