ለጅማ ወጣት የሕክምናና የሥነ ሕይወት ተማሪዎች

ውድ ልጆቼ፣

በጅማ ሕፃናትን ሳክም ዕድሜዬ አልፏል፤ ይህን የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ ልጅ ነው። እናቱ ከሰቃ አዝላው መጣች፤ ዕድሜው ሦስት ዓመት ገደማ ነበር። ሆዱ ተነፍቷል፣ ጣፊያው በእጄ ይዳሰሳል፣ ጣቶቹ ተቆልምመው አልዘረጋ ብለዋል፣ ዓይኑንም በባትሪ ሳየው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። እኔ ጣፊያውን ብቻ ይዤ ወባ ነው አልኩና መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ዓመታት አልፈው ሀርለር ስለሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ ሳነብ የዚያ ልጅ ጣቶች ትዝ አሉኝ፤ እስከ ዛሬም ይጸጽተኛል።

በህዋሳችን ውስጥ ላይሶሶም የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ ክርስቲያን ደ ዱቭ የተባለ ተመራማሪ በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳወቃቸው ናቸው። በውስጣቸው ያሉት ኢንዛይሞች አገልግሎቱን የጨረሰውን ነገር ይሰባብራሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ሲጎድል ደግሞ መሰባበር የነበረበት ነገር እየተጠራቀመ ጉበትን፣ ጣፊያን፣ አጥንትንና አእምሮን ይጎዳል። ሀርለርና ሀንተር የሚባለው ሌላ በሽታ ከዚህ ጉድለት የሚመጡ ናቸው፤ በሁለቱም የሚጠራቀሙት የስኳር ሰንሰለቶች ተመሳሳይ ሲሆኑ የሚጎድለው ኢንዛይም ግን የተለያየ ነው።

ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ኒውፌልድና ጆሴፍ ፍራታንቶኒ የታማሚዎቹ ህዋሳት የሚያመርቱት የስኳር ሰንሰለት በዝቶ ነው ወይስ ያመረቱትን ማስወገድ አቅቷቸው ነው ብለው ጠየቁ፤ ጨረር አመንጪ በሆነ ድኝ ምልክት አድርገው ሲከታተሉም ችግሩ ማስወገዱ ላይ ሆኖ አገኙት። ከዚያም በ1968 እ.ኤ.አ. የሀርለር ታማሚ ህዋሳትንና የሀንተር ታማሚ ህዋሳትን በአንድ ሳህን ሲያሳድጓቸው የሁለቱም ክምችት ቀነሰ። አንዱ ያደገበት ፈሳሽ ብቻ እንኳ ሌላውን አስተካከለው፤ እያንዳንዱ ወገን ወንድሙ ያጣውን ኢንዛይም ወደ ውጭ ያፈስስ ነበርና።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ከዚያ የመጣው ነው። አይ ሴል በሚባለው በሽታ የተያዙ ህዋሳት ኢንዛይሞቻቸውን ወደ ውጭ ያፈስሳሉ፤ ሌሎች ህዋሳት ግን ያንን ኢንዛይም አይቀበሉም፤ እነርሱ ራሳቸው ደግሞ ከጤነኛ ህዋስ የመጣውን ይቀበላሉ። ተመራማሪዎቹ ሂክማንና ኒውፌልድ በ1972 እ.ኤ.አ. ከዚህ ተነሥተው ኢንዛይሙ ላይ እንደ ደብዳቤ አድራሻ የሚያገለግል ምልክት መኖር አለበት አሉ፤ ምልክቱም ኋላ ማኖስ ስድስት ፎስፌት የሚባል ስኳር ሆኖ ተገኘ። ከታመመ ህዋስ ጉድለት የጤነኛው አሠራር ተገለጠ ማለት ነው፤ ስለዚህ ውጤታችሁ ከጠበቃችሁት ሲለይ ሳህኑን ለመድፋት አትቸኩሉ።

ዛሬ ኢንዛይሙን በደም ሥር መስጠት ይቻላል፤ ለሀርለርና ያው ኢንዛይም ለሚጎድልባቸው ቅርብ ዓይነቶቹ የሚሰጠው በ2003 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ ዋጋው እጅግ ውድ ነው፤ ከደም ወደ አእምሮም አይሻገርም። የአጥንት መቅኒ ንቅለ ተከላ የሚረዳው በዚህ ነው፤ ከለጋሹ የተገኙ ህዋሳት አእምሮ ውስጥ ገብተው ለጎረቤቶቻቸው ኢንዛይም ያካፍላሉ። ነገር ግን የጠፋውን አይመልስም፤ በሀርለር ይበልጥ የሚጠቅመው ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲደረግ ነው።

ጣፊያው ያበጠ ሕፃን ሲመጣላችሁ የወባ ምርመራውን አድርጉ፤ ነገር ግን በዚያ አትቁሙ። ጣቶቹን ቀስ ብላችሁ ዘርጉ፣ ዓይኑን በባትሪ እዩ፣ እናቱንም እንዲህ ያለ ሌላ ልጅ ነበረሽ ወይ ብላችሁ በምትሰማው ቋንቋ ጠይቋት፤ የነገረቻችሁንም ካርዱ ላይ ጻፉት።