«አልተረጋገጠም» የተባለበት ባል

ከወልድያ የጠየቅሽው እህቴ፣ «ባሏ በሐሰት የተወነጀለባት ሚስት ራሷ መርማሪ የምትሆንበት የድሮ ልቦለድ ታውቃላችሁ? እንግሊዝኛውስ ይከብዳል?» ላልሽው እኔ አንድ አለኝ፤ የዊልኪ ኮሊንስ «ዘ ሎው ኤንድ ዘ ሌዲ»። በ1875 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው። እኔ ደሴ ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጋ ልጅ ሽፋኑ የተገነጠለውን ገዛሁ።

ቫለሪያ የምትባል ሙሽራ ጫጉላዋ ሳያልቅ ባሕር ዳርቻ ላይ አማቷን በአጋጣሚ ታገኛለች፤ ባሏ ያገባት በሐሰት ስም እንደሆነ የምትደርስበትም በዚያ ነው። እውነተኛ ስሙ ዩስታስ ማካለን ነው፤ የመጀመሪያ ሚስቱን በአርሴኒክ ገድለሃል ተብሎ ኤዲንብራ ላይ ተከስሷል። መርዙን የገዛው ደግሞ እሱ ራሱ ነው! የመጽሐፉ ጉልበት ግን ፍርዱ ላይ ነው። የእኛ ፍርድ ቤት ወይ ጥፋተኛ ይላል፣ ወይ በነፃ ያሰናብታል። የስኮትላንድ ሕግ ያኔ ሦስተኛ ነበረው፦ «አልተረጋገጠም»። ወደ ቤትህ ትሄዳለህ፣ ንጹሕ ነህ ያለህ ግን የለም።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ከድኜ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሳለ ቆጠራ ላይ ጉድለት ተገኘበትና ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕግ ስላላስረዳ፣ ተከላከል እንኳ ሳይባል በነፃ ተሰናበተ። ሰፈር ግን የራሱ ችሎት አለው፤ ቡና ላይ ስገባ ወሬ ይቀየራል፣ ስወጣ «መቼስ ማስረጃ ጠፍቶ ነው» ይባላል። እናቱም «ተወው ልጄ፣ አላህ ያውቃል» ስትለው፣ ማጽናናቷ ይሁን መጠርጠሯ አይለይም ነበር።

ጠፋ የተባለው ዕቃ በሞዴል 22፣ ማለትም በዕቃ ወጪ ደረሰኝ፣ ወጥቷል፤ ቅጂው ነው የታጣው። ኮምቦልቻ ሦስት ወር ተመላለስን። በመጨረሻ ዕቃውን የተረከበው ቅርንጫፍ መዝገብ ቤት፣ ከሌላ ዓመት ፋይል ጋር ተጠርዞ ተገኘ። ፎቶ ኮፒውን ለአማቴ ሰጠኋት። ማንበብ አትችልም፤ ማኅተሙን በጣቷ ስትዳስስ ቆይታ ትራሷ ሥር ከተተችው።

ስለዚህ ቫለሪያ ማስረጃዋን የት እንዳገኘች ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። የት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ይበላሽብሻል።

እንግሊዝኛው አብሽሪ፣ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል እንጂ ቃሉ ያን ያህል አይከብድም። የችሎቱ ዘገባ ቢያሰለችሽም አትዝለይው፣ ፍንጮቹ እዚያ ናቸው። ሚዘሪመስ ዴክስተር የሚባል እግር አልባ፣ ግማሽ እብድ ሰው አለ፤ ንግግሩ ማለቂያ የለውም፣ እኔ ሁለቴ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ግን እሱንም ታገሺው።

ያናደደኝ ባልየው ነው። ሚስቱ ምስጢሩን ስታውቅበት ጥሏት ይሄዳል፤ ስፔን ድረስ! እሷ ስሙን ልታጠራ ስትንከራተት እሱ የለም። የኔው ቢያንስ አብሮኝ ኮምቦልቻ ይወርድ ነበር።