«ውሻዬ በፎቶ ላይ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆንብኛል»

ጥያቄ፦ ቡቺ የሚባል 11 ዓመት የሞላው ጥቁር ውሻ አለን። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገችው እህቴ ውጭ አገር ከሄደች ወዲህ «ፊቱን አንስተሽ ላኪልኝ» እያለች ትወተውተኛለች። እኔ ግን በስልኬ የማነሳው ሁሉ ከግቢያችን ነጭ ግድግዳ ሥር የተጋደመ ጥቁር ነገር ሆኖ ይቀራል፤ ዓይኑ እንኳ አይለይም። ቀረብ ብዬ ሳነሳው ደግሞ አፍንጫው ገዝፎ ሌላ ውሻ ይመስላል። ስልኩን ከፍ ሳደርግም ፊቱን ያዞርብኛል። እህቴ በተለይ የምትወደው፣ ጫማ በልቶ ስንቆጣው የሚያሳየውን ያንን የጥፋተኛ ፊት ነው። ምን ባደርግ ይሻለኛል? (አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከግድግዳው እንጀምር። ካሜራ፣ የስልክም ይሁን ሌላ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ነገር በአማካይ ግራጫ እንደሆነ ገምቶ ብርሃንን ይለካል። ፀሐይ የመታው ነጭ ግድግዳ የምስሉን ሰፊ ክፍል ሲይዝ ካሜራው የሚያስገባውን ብርሃን ይቀንሳል፤ በዚያ ቅነሳ የሚጠፋው ጥቁሩ ቡቺ ነው። ስለዚህ ከግድግዳው አርቀው በረንዳ ላይ ወይም ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ውጭው ብርሃን አድርጎ እንዲቀመጥ ያድርጉት። እዚያ ደግሞ የተገላቢጦሹ ያጋጥምዎታል፤ ጥቁሩ ፊት ምስሉን ሲሞላው ካሜራው ብርሃን ያነሰ መስሎት ይጨምርና ጸጉሩን አመድ ያስመስለዋል። በብዙ ስልኮች ዓይኑ ያለበትን ቦታ በጣትዎ ሲነኩ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች፤ እሷን ጥቂት ወደ ታች ቢስቧት ጥቁሩ ወደ ጥቁርነቱ ይመለሳል።

እኔ ጥቁር ውሻ ሳነሳ ከእጄ የማይለየኝ ነገር አንድ ነጭ አንሶላ ነው። ከውሻው ፊት መሬት ላይ ሲነጠፍ ብርሃኑን ከሥር ወደ አገጩና ወደ ዓይኑ ይመልሰዋል። በዓይኑ ብሌን ላይ የምታበራው ያች ትንሽ ነጭ ነጥብ ከሌለች ዓይኑ ከጸጉሩ ጋር ይቀላቀልና ፊቱ ሕይወት ያጣል። (ቡቺ አንሶላው ላይ ልተኛ ማለቱ ስለማይቀር ያረጀውን ይምረጡ።) በ11 ዓመቱ አገጩ ላይ ሽበት ወጥቶ ከሆነም ጧት እስከ 2 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ከጎን በሚመጣው ለስላሳ ብርሃን ቢያነሱት እያንዳንዱ ነጭ ጸጉር ተለይቶ ይታያል፤ እህትዎ ሳታየው ያረጀውን ፊት የሚነግራት እሱ ነው።

የአፍንጫው ጉዳይ ቀላል ነው፤ ወደ 2 ሜትር ያህል ራቅ ብለው፣ በካሜራው ምስሉን 2 እጥፍ አቅርበው (ዙም አድርገው)፣ ከዓይኑ ትይዩ እስኪሆኑ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያንሱት።

ፊቱን ማዞሩ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፊት ለፊት ተደቅኖ የሚያፈጥበትን ነገር ብዙ ውሻ አይወድም። ለጥቂት ቀናት ምንም ሳያነሱ ስልኩን ይዘው አጠገቡ ይቀመጡና ቁራሽ ሥጋ ይስጡት፤ ስልኩን ከሥጋው ጋር ማያያዝ ሲጀምር መሸሹን እየተወ ይሄዳል። በማንሻው ቀን ስሙን ደጋግመው አይጥሩት። ጆሮውን የሚያቆመውና አንገቱን ዘንበል የሚያደርገው ያልጠበቀውን ድምፅ መጀመሪያ ሲሰማ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ይሰለቸዋል። ስለዚህ እርስዎ አስቀድመው ተዘጋጅተው፣ ሌላ ሰው ከጀርባዎ ቁልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ያንኳኳ፤ እርስዎም በዚያች ቅጽበት በተከታታይ ያንሱ። ዕድሜው ጆሮውን አክብዶበት ከሆነ የአጥንት ሽታ ይሻላል። ደጋግሞ ካዛጋ፣ ከንፈሩን ከላሰ ወይም የዓይኑ ነጭ እየታየ ወደ ጎን ካየ ጨንቆታልና ለዕለቱ ይተዉት።

የጥፋተኛ ፊት ያሉትን ግን እንዳያነሱት እመክራለሁ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ውሾች ያንን ፊት የሚያሳዩት ስላጠፉ ሳይሆን ባለቤታቸው ስለተቆጣቸው መሆኑን አሳይታለች፤ ምንም ያላጠፉትም ሲቆጧቸው ያሳዩታል። ለፎቶ ብሎ ቡቺን መቆጣት ማለት ስልኩን ለማለማመድ የደከሙበትን ማፍረስ ነው። ይልቅ አመሻሽ ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ፣ የመጣው ማን እንደሆነ ለይቶ ገና ሳይነሳ የሚያሳየውን ፊት ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ማታ ሳሎን ውስጥ ውሻችንን ስናነሳው ዓይኑ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሕመም ይሆን? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ በፎቶው ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ሕመም አይደለም። ውሻ በጨለማ በደንብ እንዲያይ የሚረዳው፣ ከሬቲናው (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ክፍል) ጀርባ ብርሃንን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው፤ የሚያዩት ከዚያ ነጥሮ የተመለሰውን የፍላሽ ብርሃን ነው። ፍላሹን አጥፍተው የጠረጴዛ መብራት ከጎኑ ያብሩለት። በደካማ ብርሃን ምስሉ ቶሎ ስለሚደበዝዝ፣ እራቱን በልቶ ጋደም እስኪል ይጠብቁና ስልኩን ወንበር ላይ አስደግፈው ያንሱት።